በአባቴ ስም የማልሁበት በር

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ውስጥ አለ ስለተባለ በር በአባቴ ሞት ማልሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አባቴ ሞተ። የሞተበትን ምክንያት ዛሬ በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ኩላሊቱ ነበር፤ እግሩ ማበጥ የጀመረውም እኔ ከመማሌ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ነገር ግን ዕውቀት ከፍርሃት በኋላ ሲመጣ ፍርሃቱን ከቦታው አያስለቅቀውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ይዤ ኖሬያለሁ፤ በሩ ነበረ ወይስ አልነበረም? ከነበረ፣ መሐላዬ ጎደሎ ቢሆንም እውነት አለበት። ካልነበረ፣ የአባቴን ስም በሐሰት ለሞት አስይዣለሁ።

ጨዋታውን ያመጣው አባቴ ራሱ ነበር። በግብርና መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር ለሥራ መተማ ወርዶ ሲመለስ፣ በሱዳን በኩል የገባ፣ ካሴት የሚጎርስ ነጭ ሣጥንና ሁለት ጆይስቲክ ይዞ መጣ። ቤታችን ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ ጨዋታ ያለው ግን የእኛ ብቻ። በካሴቱ ውስጥ ቀይ ካባ የለበሰ ትንሽ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ እየሮጠ ገደል ይዘላል፣ መሰላል ይወጣል፣ ከሚወርድበት ድንጋይ ያመልጣል። ጽሑፉ እኛ በማናውቀው ፊደል ነበርና ደረጃዎቹን እኔና ወንድሜ በምናውቃቸው ቦታዎች ሰየምናቸው። መንገዱ የሚጠማዘዘውን ሦስተኛውን ሊማሊሞ፣ ውኃ የሞላውን አራተኛውን ጣና፣ በካሴቱ ሥዕል ላይ ብቻ የምናየውን የመጨረሻውን ግንብ ጉዛራ አልነው። ስድስተኛው ደረጃ ስም አልነበረውም። እዚያ ደርሰን አናውቅም።

ያልደረስነው ስላልቻልን ብቻ አይደለም። ያ ሣጥን የተጫወትነውን አያስቀምጥም ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰውዬው ወደ መጀመሪያው ሜዳ ይመለሳል። መብራት ደግሞ በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋ እንደነበር የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ከብዙ ልፋት በኋላ ጣና ላይ ስንደርስ ክፍሉ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ወንድሜም የቄስ ትምህርት ቤት መምህራችንን ድምፅ አስመስሎ «በሉ እንግዲህ፣ ከሀ ጀምሩ» ይላል። እኔ እስቃለሁ። እሱ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ ነበር። እኔ ዝምተኛ ነበርሁ፤ እሱ ሲጫወት ከኋላው ተቀምጬ የትኛው ገደል ስንት እርምጃ እንደሚሻ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ እኔን ይዛ ኮሶዬ፣ ወደ እኅቷ ቤት ወጣች። ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ወንድሜ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ።

«ቀረብሽ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ስድስተኛው ደረስሁ። ፏፏቴ አለው። ከፏፏቴው ጀርባ ደግሞ በር አለ።»

«የምን በር?»

«ውኃው ውስጥ ገብተሽ ወደ ላይ ስትጫኚ የሚከፈት። ውስጡ ብርሃን ብቻ ነው። በቀጥታ ጉዛራ ያወጣሻል።»

«ታዲያ ጉዛራን አየኸው?»

«ልገባ ስል መብራት ጠፋ።»

ምንም አልጠረጠርሁም። እንዲያውም የመብራቱ መጥፋት ነገሩን ይበልጥ እውነት አስመሰለው። ደብተሬን አውጥቼ እሱ እየነገረኝ ፏፏቴውን ሣልሁ፤ በሩ ከታች ስንተኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነም ጠየቅሁት። አራተኛው ላይ ነው አለኝ፤ ለማሰብ እንኳ አልዘገየም።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን፣ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ስለ በሩ ነገርኋት። አንድ ክፍል እንማር ነበር፤ አልፎ አልፎም እኛ ቤት መጥታ ትጫወት ነበር።

«ይኼን ወንድምሽ ነው የነገረሽ?» አለችኝ።

«ቢሆንስ?»

«እሱማ ጅብ ማኪና ተሳፍሮ ሲሄድ አየሁ ያለ ልጅ ነው።»

ሳቀች። በወንድሜ ሲሳቅ ጆሮዬ ይግል ነበር።

«እኔም አይቻለሁ» አልኋት።

«በዓይንሽ?»

«በዓይኔ።»

«ማይ እስቲ።»

«ማርያምን።»

«እሷንማ ለእርሳስም ትምያለሽ። ባባትሽ ማይ።»

«አባባ ይሙት።»

ወዲያው አመነችኝ። እኛ ዘንድ በዚህ ከተማለ በኋላ የሚቀጥል ክርክር የለም። ሰው የሚወደውን ሰው ሞት አስይዞ ይናገራል፤ ሰሚውም ይቀበላል። በአባቱ ወይም በእናቱ ሳይምል ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ቃሉ ከምራቅ ጋር ወጥቶ ከምራቅ ጋር ይደርቃል። አባቱ በሁለተኛው ወር ለሞተበት ልጅ ግን አይደርቅም።

አባባ ያረፈው ነሐሴ ላይ ነው። ከቀብሩ ማግሥት፣ ለቅሶ ደራሽ ድንኳኑን ሞልቶ ሳለ፣ ወንድሜን ከጓሮ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ብቻውን አገኘሁት። ዓይኑ አብጦ ነበር። ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርሁት። በሩን በዓይኔ አየሁ ብዬ በአባባ መማሌን፣ የማልሁትም ልጅቷ እሱን ውሸታም ስላለችው መሆኑን።

«በሩ ግን አለ አይደል?» አልሁት።

ዓይኑን ከበርሜሉ አላነሣም።

«አለ» አለኝ። «አለ አልሁሽ እኮ። በቃ ተይው።»

ሄጄ ማረጋገጥ አልቻልሁም። እናቴ ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ጨዋታውን ደግሞ እንፍራንዝ ላለ ዘመድ ሰጠችው። በሐዘን ቤት ዘፈንም ሆነ ጨዋታ አይከፈትም። ዓመቱ ሲሞላ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ ሣጥኑ አልተመለሰም።

ከአርባው በኋላ የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጅን እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ አድርገው የሚሰሙ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«የማልሽበት ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» አሉኝ።

«እውነት ነው፣ አባ። ያየው ግን ወንድሜ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ነገሩ እውነት፣ ምስክሩ ሐሰት ነው።» ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ ሞት በሰው አፍ ታዝዞ አይመጣም። አባትሽን የጠራው ፈጣሪው ነው። ላላየሽው አየሁ ማለትሽ ግን ኃጢአት ነው» አሉኝ። አርባ ቀን፣ በየቀኑ ዐሥራ ሁለት ስግደት ሰጡኝ።

እኔና ወንድሜ የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ፣ በሁለቱ አልጋዎች መካከል፣ ግንባሬ ሲሚንቶውን እስኪነካ እሰግድ ነበር። እሱ ተጋድሞ ያየኛል። ስለምን እንደምሰግድ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን፣ ቀኑ ሠላሳ ምናምን በደረሰበት ሰሞን፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ «ስንት ቀረሽ?» አለኝ። ስለ እኔ አስቦ የጠየቀ መስሎኝ ነበር። ስድስት አልሁት። «አይዞሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ተማርሁ፤ አሁንም እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ መጀመሪያ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ «አላገኘሁም» እና «የለም» የተለያዩ ውጤቶች ናቸው፤ ሁለተኛውን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ድካም ከመጀመሪያው ዐሥር እጥፍ ነው። ማንንም ያለማስረጃ አላምንም፤ በዚህ ጠባዬ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። ከዚህ ነፃ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የትኛውን የትምህርት ዘርፍ እንደምመርጥ፣ ማንን እንደማገባ፣ በኋላም ትዳሬን ላፍርሰው ወይስ ልታገሠው ስል የጠየቅሁት ወንድሜን ነበር። እሱ ያለውን ነገር ሁለተኛ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ስለ በሩም ቢሆን ጥርጣሬዬ በራሴ መሐላ ላይ እንጂ በእሱ ቃል ላይ አልነበረም። እሱ ልጅ ስለነበር አይቶት ተሳስቶ ይሆን እል ነበር፤ ዋሽቶኝ ይሆን ግን ብዬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ልጄ ለትምህርት ባሕር ዳር ሄዳ ቤቱ ጭር አለ። ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ መሐንዲስ ነው። ለፋሲካ ሲመጣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣና አንድ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ብቻሽን እንዳይደብርሽ» አለኝ።

አዲስ የጨዋታ መሣሪያ ነበር። በውስጡ የድሮ የዝላይ ጨዋታዎች ተሰብስበው፣ በአንድነት ታድሰው የወጡበትን ጥራዝ ጭኖልኛል። ስድስት ጨዋታ ነው፤ አራተኛው የእኛው፣ ባለ ቀይ ካባው ሰውዬ። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በማነበው ፊደል አየሁት። ምስሉ ጠርቶ፣ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናችን ግራጫ የነበረው ካባ በእርግጥ ቀይ ሆኖ ሳይ (ቀይ መሆኑን የምናውቀው ከካሴቱ ሥዕል ነበር) ለሰው ፊት የማላሳየው ደስታ ተሰማኝ። አንድ ሰዓት ያህል አብረን ተጫወትን። ሊማሊሞ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ «አርጅቻለሁ እቴ» እያለ ሳቀ። ስለ በሩ እኔም አላነሣሁ፤ እሱም አላነሣ። በማግሥቱ ተመለሰ።

አዲሱ ጥራዝ አሮጌው ሣጥን ያልነበረው ሁለት ነገር አለው። የደረሱበትን ያስቀምጣል፤ ሰውዬው ገደል ሲገባም አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። በልጅነታችን የሞተ የሞተ ነበር፤ አሁን የሞተው ተነሥቶ በአየር ላይ ወደ ኋላ እየሄደ ከዘለለበት ድንጋይ ላይ ይቆማል። እያፈርሁም ቢሆን ተጠቀምሁበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከሥራ መልስ፣ ስድስተኛው ደረጃ ደረስሁ። ፏፏቴው ነበር። ወንድሜ እዚህ ድረስ እውነቱን ነበር ማለት ነው። ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ አራተኛው ድንጋይ ላይ ቆሜ ወደ ላይ ተጫንሁ።

ምንም አልተከፈተም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ተማሪዎቼን የማስተምረውን ነው። ከታች እስከ ላይ ያሉትን ዐሥራ አንድ ድንጋዮች አንድ በአንድ ቆሜባቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ተጫንሁ፤ ዘልዬም ሞከርሁ፤ ሰውዬው በመንገድ የሚያነሣውን የበር መክፈቻ ይዞም ሳይይዝም ሞከርሁ። ውጤቱን በሠንጠረዥ ጻፍሁ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የነበረው ቃል ግን አሁንም «አላገኘሁም» ነበር።

«የለም» ብዬ የጻፍሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ከጨዋታዎቹ ጎን ሠሪዎቹ ያኖሯቸው የቆዩ ወረቀቶች የሚታዩበት ክፍል አለ፤ እስከዚያ ቀን አልከፈትሁትም ነበር። የእያንዳንዱ ደረጃ ሙሉ ንድፍ፣ በእርሳስ፣ በካሬ ወረቀት ላይ ተሠርቶ አገኘሁት። የተደበቁ ጓዳዎች ሁሉ በክብ ምልክት ተለይተዋል፤ ሊማሊሞ ውስጥ ሁለት፣ ጣና ውስጥ አንድ። ስድስተኛውን ደረጃ አጉልቼ አየሁት። ከፏፏቴው ጀርባ ያለው ቦታ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ መስመር ተሞልቷል። አንድም ምልክት የለም።

መሣሪያውን አጥፍቼ ተቀመጥሁ። የመጣብኝ አባባ አልነበረም። የመጣብኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ የሳበው ልጅ ነው።

እንዲህም ሆኖ አንድ መውጫ ቀርቶልኝ ነበር። የእኛ ካሴት ከሱዳን በኩል የገባ፣ ማን እንዳባዛው የማይታወቅ ነው። ምናልባት ይለይ ይሆናል። ይህን ሊነግረኝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እስኪመጣ ጠበቅሁ። በስልክ ልጠይቀው አልፈለግሁም፤ ፊቱን ማየት ነበረብኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ለሥራ አዘዞ መጣና ቅዳሜ ምሳ እኔ ጋ በላ። ጾም ነበርና ሽሮ ሠራሁለት፤ ወደደው። እጁን ታጥቦ ሲመለስ ጨዋታውን ከፏፏቴው ሥር ከፍቼ ጆይስቲኩን ሰጠሁት።

«በሩን አሳየኝ» አልሁት።

«የቱን በር?»

«ከፏፏቴው ጀርባ ያለውን።»

ሳቀ። «አንቺ ይኼን እስከ ዛሬ?»

«አሳየኝ።»

«ያኛው ካሴት ሌላ ነዋ። የተባዛ ነበር እኮ፣ ከዚህ ይለያል።»

እኔ በሳምንታት ያሰብሁትን እሱ በአንድ ትንፋሽ መለሰው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን በረንዳው ላይ «አራተኛው ድንጋይ» ሲለኝ የነበረው ድምፅ ይኸው ድምፅ ነበር፤ ለማሰብ የማይዘገየው።

«እንግዲያው ማል» አልሁት።

«ምን?»

«ካሴቱ ውስጥ በሩን አይቻለሁ፣ የአባባ አጥንት ይውጋኝ በል።»

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የወንድሜን ፊት ያለ ፈገግታ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፏፏቴው መውረዱን አላቋረጠም።

«እታለም፣ ልጆች ነበርን» አለ።

«ነበርን። በሩን የፈጠርህበትን አልጠይቅህም። ኮሶዬ ሄጄ ስለነበር ሊያስቀናኝ ነው እላለሁ። ከቀብሩ ማግሥት ስጠይቅህ ግን ምን ነበር?»

«ምን ልበልሽ? ውሸቴን ነው ብልሽ፣ አባባን የገደልሽው አንቺ ነሽ ማለት መሰለኝ። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ።»

ይህ መልስ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ለጊዜው አስታገሠኝ።

«ስሰግድስ?»

«በየቀኑ ልነግርሽ እል ነበር። ቀኑ ሲቀንስ፣ ሊያልቅ ነው፣ ካለቀ ያልፍላታል አልሁ።»

«ከዚያስ? ሠላሳ ዓመት ሙሉስ?»

«የረሳሽው መስሎኝ ነበር።»

«አንተስ ረስተኸው ነበር?»

ጆይስቲኩን ወደ እኔ ገፋው።

«አልረሳሁትም» አለ። «ይኼን ያመጣሁልሽ ምን ይመስልሻል? ሲወጣ አየሁት፤ ራሷ ታየዋለች፣ ታውቀዋለች አልሁ። እኔ ከምነግርሽ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አያስፈልገውም ነበር። ብቸኝነቴን አስቦ ያመጣልኝ ስጦታ፣ አንደበቱ የፈራውን በእሱ ፈንታ እንዲነግረኝ የላከው መልእክተኛ ነበር። ፋሲካ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሲስቅ፣ ሊማሊሞ ላይ ሲወድቅ፣ የት እንደምደርስና ምን እንደማጣ ያውቅ ነበር። ልጅ ሆኖ ለዋሸው ልጅነቱን መቁጠር እችላለሁ። አምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ግን ዳግመኛ ተጋድሞ እኔ ስደክም አየኝ።

«ተቆጣሽኝ?» አለ።

«አልተቆጣሁም» አልሁት። ውሸት አልነበረም፤ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም።





ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። ኮቱን ለበሰ፤ አቅፎ ሳመኝ፤ እኔም ሳምሁት። እንግዳ ሲሄድ፣ ያውም የእናት ልጅ፣ እስከ ማኪናው መሸኘት ወጉ ነው፤ እናታችን በእርጅናዋ እንኳ ምርኩዟን ይዛ እስከ መንገዱ ትወጣ ነበር። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም። የውጭው በር ላይ ሲደርስ ዞሮ ማየቱን በመስኮቱ አየሁ፤ እየጠበቀኝ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ ከፍቶ ወጣ።

ከእሱ ጋር አልተቋረጥንም። እንደ ወትሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል፤ አነሣለሁ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት እናወራለን። ያን ቀን ማንኛችንም አላነሣነውም። ባለፈው ሳምንት ኮሶዬ ያለችው አክስታችን ታማ መሰንበቷን ነገረኝ። «አሁን ግን ደህና ሆናለች፤ ትናንት ራሷ አነጋግራኛለች፤ እውነቴን ነው፣ አታስቢ» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያም ኮሶዬ ደወልሁ። አክስቴ ራሷ አነሣች። ደህና ነበረች።